ስህተቴን ሲስተሙ አገኘብኝ፤ አሁን ደግሞ አስተምሪው ተባልኩ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሪኮንሲሌሽን ክፍል ውስጥ ስሠራ 8 ዓመት ሞላኝ። ሥራዬ ባጭሩ ስህተት ፍለጋ ነው። የቅርንጫፎችን ሒሳብ ከዋናው መዝገብ፣ የኤቲኤሙን ከሲስተሙ፣ የሌሎች ባንኮችን ስቴትመንት ከእኛው ጋር አመሳክራለሁ። ያልተገናኘውን ለይቼ ቅርንጫፍ እደውላለሁ፣ ቲኬቱን (የክፍያውን ሰነድ) አስልካለሁ፣ አስተካክላለሁ።

ከሦስት ወር ወዲህ ባንካችን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራ የሒሳብ ማመሳከሪያ እያስገባ ነው። ለጊዜው ከእኛ ጎን ለጎን ነው የሚሠራው። ባለፈው ወር እኔ «ተገናኝቷል» ብዬ የዘጋሁትን 46,000 ብር ሲስተሙ አወጣው። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል። አለቃዬ ስሜን ሳይጠራ በስብሰባ ላይ እንደ ምሳሌ አነሳው፤ የማን እንደሆነ ግን ያላወቀ አልነበረም። እስከ ዛሬ «ከእሷ እጅ የሚያመልጥ የለም» የምባል ሰው ነበርኩ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ሲስተሙን ከሚያስተምሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ሁኚ ተብያለሁ። በየቀኑ ያልተገናኙትን ሒሳቦች ምክንያት እየጻፍኩ ለሲስተሙ መስጠት ነው። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ «በገዛ እጅሽ እንጀራሽን አሳልፈሽ እየሰጠሽ ነው፤ የምታውቂውን ሁሉ አትንገሪው» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «ሳያስወጡሽ ራስሽ ውጪ፤ ገርጂ አካባቢ የሕፃናት ልብስ ሱቅ እንክፈት» ይላል። ከባንኩ የወሰድኩት የቤት ብድር ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እናቴንም የምጦረው እኔ ነኝ። እውነቱን ንገሩኝ፦ ሥራዬ ሊጠፋ ነው? ላስተምረው ወይስ የማውቀውን ለራሴ ልያዝ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህታችን፣

ከ46,000 ብሩ እንጀምር፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም አብልጦ ያመመሽ እሱ ነውና። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ክፍያ ለማሽን በጣም የሚቀል፣ ለሰው ዓይን ደግሞ የሚከብድ የስህተት ዓይነት ነው። አንቺ ስታመሳክሪ የግራውን መዝገብ ከቀኙ ጋር ታስተያያለሽ። የተደገመው መስመር ለብቻው ሲታይ ምንም አይጎድለውም፤ ገንዘቡ ልክ ነው፣ ቀኑ ልክ ነው፣ የሒሳብ ቁጥሩም ልክ ነው። የሚያዘው የግራውን ከግራው፣ እያንዳንዱን መስመር ከሌላው መስመር ሁሉ ጋር ሲያስተያዩት ነው። ለሰው ይህ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ለኮምፒውተር የሰከንዶች።

በዚያ ላይ ስህተት ብርቅ ሲሆን ዓይን «ልክ ነው» ማለት ይለምዳል። በኤርፖርት የሻንጣ ፍተሻና በራጅ ንባብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል፤ የሚፈለገው ነገር ከመቶ አንዴ ብቻ ሲገኝ፣ ቶሎ ቶሎ ከሚገኝበት ጊዜ ይልቅ የሠለጠነ ሰውም አብዝቶ ያልፈዋል። እስቲ መለስ ብለሽ አስቢው፦ ያን ቀን ስንት መስመር አይተሽ ነበር? የወር መዝጊያ ነበር? ያቺ መስመር ስትዘጋ ስንት ሰዓት ሆኖ ነበር? ይህን የምንጠይቅሽ ሰበብ እንድትፈልጊ ብለን አይደለም፤ ስህተቱ ያለፈበትን በር ካላወቅሽው ነገም በዚያው ስለሚያልፍ ነው።

ከዚያ ግማሽ ገጽ ጽፈሽ ለአለቃሽ ስጪው። ስህተቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ምን ዓይነት ማጣሪያ ቢኖር እንደሚይዘው። ኤክሴል ላይ የሒሳብ ቁጥርን፣ ገንዘቡን፣ ቀኑንና ሪፈረንሱን አንድ ላይ አድርጎ በካውንትኢፍስ (COUNTIFS፣ ተመሳሳይ መስመሮችን በሚቆጥረው ቀመር) መቁጠር፤ ውጤቱ ከ1 በላይ የሆነውን ሁሉ ከመዝጋት በፊት ማየት። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ይህን ከጻፍሽ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ያ 46,000 ብር ሲነሳ፣ የሚነሳው ካቀረብሽው መፍትሔ ጋር ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሥራሽ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው መስመርን ከመስመር ማስተያየት ነው፤ ይሄኛው ይሄዳል። ልንደብቅሽ አንፈልግም። ለነገሩ ለዚህኛው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም አያስፈልግም ነበር፤ ገንዘብ፣ ቀንና ሪፈረንስ የሚያስተያይ ተራ ፕሮግራም ከዓመታት በፊት ሊሠራው ይችል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ያልተገናኘው ለምን እንዳልተገናኘ ማግኘት፣ ማስረጃውን ማምጣትና «ይህ ይስተካከል» ብሎ መፈረም ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከጽሕፈትና ከቢሮ ረዳት ሥራዎች ውስጥ 24 በመቶ የሚሆኑት ተግባራት በዚህ ቴክኖሎጂ በከፍተኛ ደረጃ፣ ሌላ 58 በመቶ ደግሞ በመካከለኛ ደረጃ እንደሚነኩ ገምቷል። ከሌሎች የሥራ ዘርፎች ሁሉ ይህን ያህል የተጋለጠ አላገኘም፤ ሴቶችም ከወንዶች ይበልጥ እንደሚነኩ ጽፏል። ስለዚህ ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን ልብ በይ፣ የተለካው ተግባር ነው፤ አንድ ሰው በቀን ከሚሠራው ውስጥ ስንቱ ይነካል የሚለው። ያው ጥናት አብዛኛው ሥራ ከመጥፋት ይልቅ ቅርጹን እንደሚቀይር ነው የደመደመው። ላንቺ የሚወስነው እንግዲህ፣ ከቀንሽ ምን ያህሉ በማስተያየት፣ ምን ያህሉ ምክንያት በማግኘት ያልቃል የሚለው ነው። አንድ ሳምንት በየሰዓቱ መዝግቢው። ከ10 ሰዓት ሥራ 8ቱ ማስተያየት ከሆነ ቸኩለሽ መንቀሳቀስ አለብሽ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ጊዜ አለሽ።

ሲስተሙ የት የት እንደሚሳሳት ማወቅ ላንቺ ከማንም በላይ ይጠቅምሻል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንሂድ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናስላው። ክፍላችሁ በቀን 4,000 መስመር ያያል እንበል፤ ከመቶ አንዱ፣ ማለትም 40ው፣ በእርግጥ ችግር ያለበት ነው። ሲስተሙ ከአሥር ዘጠኙን ይይዛል ቢባል 36ቱን ያወጣል፣ 4 ያመልጡታል። ጤነኛ ከሆኑት 3,960 ውስጥ ደግሞ ከመቶ ሦስቱን በስህተት ቢጠረጥር ወደ 119 ይሆናሉ። በየጠዋቱ ጠረጴዛችሁ ላይ 155 ጥርጣሬ ይቀርባል፤ እውነተኛው 36 ብቻ። ከአራቱ ከሦስት በላይ የሚሆነው ባዶ ማንቂያ ነው ማለት ነው። ሁለት ወር እንዲህ ሲሆን ሰዉ ሳያነብ «ችግር የለም» የሚለውን መጫን ይጀምራል፤ እውነተኞቹም ከባዶዎቹ ጋር ያልፋሉ። እነዚያ ያመለጡት 4 ደግሞ በ25 የሥራ ቀን 100 ይሆናሉ፣ ማንም ሳያያቸው። ሲስተሙን የሸጠላችሁ ድርጅት «90 በመቶ ትክክል ነው» ሲል ከጀርባው ይህ ሁሉ አለ። ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሠርቶ ለኃላፊዎች የሚያሳይ ሰው በየባንኩ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ከውጭ የመጣ ሲስተም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚወስድ፣ አንዱ ሰነድ ላይ በሁለት ስም፣ ሌላው ላይ በሦስት ስም የተጻፈን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። በአማርኛ ደግሞ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ላንቺ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ኃይለ ማርያም አንዴ ተለያይቶ አንዴ ተጋጥሞ ሲጻፍ ሌላ ችግር ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥማ አንዱ ስም አምስት ስድስት መልክ ይይዛል። በተቃራኒው ደግሞ ሲስተሙን ለማላላት ሲሉ የመመሳሰል ገደቡን ዝቅ ካደረጉት፣ በእርግጥ የተለያዩ ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ ይዘጋል። ይህኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የተዘጋን ማንም መልሶ አያየውም።

ቀንም አለ። ሰነድ ላይ 05/06/2016 የሚል ተጽፏል እንበል። የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሆነ በፈረንጆቹ 13 ፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሲስተሙ ግን በፈረንጆቹ 2016 ብሎ ካነበበው የስምንት ዓመት አሮጌ ሰነድ ያደርገዋል። ጳጉሜ ላይ 13ኛ ወር ሲያጋጥመው ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ቀንና ወሩን ያቀያይረዋል። ደንበኛ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኤቲኤሙ ብሬን ቆረጠ» ብሎ ያመለከተውም፣ በማሽኑ መዝገብ 14 ሰዓት ላይ ነው የሚገኘው። አንቺ ይህን ሳታስቢው ነው የምታርሚው። ባቲ ያለ ቅርንጫፍ የሰኞ ገበያ ገቢ ማክሰኞ ጠዋት ቢመዘገብ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይደናገጥም፤ ሲስተሙ ግን ነገሩን ካልነገሩት በየሳምንቱ ይጠረጥረዋል።

ቻትጂፒቲን የመሰሉት ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ቋንቋ ላይ ጎበዝ ናቸው፤ ረጅም የቁጥር ዓምድ ደምር ሲባሉ ግን ያለ አንዳች ማመንታት የተሳሳተ ድምር ሊሰጡ ይችላሉ። «እዚህ ውስጥ ስህተት አለ?» ተብለው ሲጠየቁ ምንም በሌለበትም አንድ ነገር ፈልገው የማውጣት ዝንባሌ አላቸው፤ ያንኑ ሰነድ ሁለቴ ብትሰጪያቸው ሁለት ዓይነት መልስ ልታገኚ ትችያለሽ። ድምርና ልዩነት በቀመር ይሠራ፤ የቅርንጫፍን ማብራሪያ ማንበብና በዓይነት መለየትን ለእነሱ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ ባንካችሁ ያስገባው የትኛው እንደሆነ ጠይቂ፦ በተጻፈ ደንብ የሚሠራ ነው፣ ከድሮ መዝገብ ተምሮ ነጥብ የሚሰጥ ነው፣ ወይስ የቋንቋ ሞዴል? «ተገናኝቷል» የሚለው ከስንት ነጥብ በላይ ሲሆን ነው? ምክንያቱን ይመዘግባል? ዘግቶ ያለፈውን መልሶ የሚከፍተው ማነው?

ሲስተምን ማመን ብቻውን ምን እንደሚያደርስ እንግሊዝ ውስጥ ታይቷል። የአገሪቱ ፖስታ ቤት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም አስገባ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ሲስተሙን አምኖ ሰዎቹን ከሰሰ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ ቤታቸውን ያጡም ነበሩ። ፓርላማው በ2024 እ.ኤ.አ. በሕግ ፍርዱን ሻረ። ያ ጉድለት ከየት እንደመጣ እስከ ሥሩ ተከትሎ የሚያይና የሚሰማ ሰው በጊዜው ቢገኝ ኖሮ እዚያ ባልተደረሰ። በእኛም አገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ፣ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ የማን ሒሳብ ላይ ስንት እንደሄደ እየለዩ ማስመለስ የሰው ሥራ ነበር።

እንግዲህ ላስተምረው ወይስ ልያዝ ወደሚለው እንምጣ። ጓደኛሽ የምትለው ከፍቅርና ከስጋት የመጣ ነው፤ እሷም የምትፈራው ያንኑ ነው። ግን የምትመክርሽ መንገድ የሚጠቅምሽ አይመስለንም። ባለፉት 8 ዓመታት ሒሳብ ስትዘጊ የጻፍሻቸው ምክንያቶች በሙሉ ባንኩ መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ ብትደብቂውም አብዛኛው ቀድሞ ተወስዷል። ደግሞም በግማሽ የተማረ ሲስተም ሥራሽን አያተርፍልሽም፤ የተሳሳተውን ይዞ መልሶ አንቺው ጠረጴዛ ላይ ይጥለዋል። ከክፍሉ ሰው ሁሉ ሁለት ሰው ሲመረጥ አንቺን የጠሩሽ፣ ያ 46,000 ብር ካለፈ በኋላ መሆኑንም አትርሺ። እኛ አስተምሪው ነው የምንልሽ፤ ነገር ግን በስምሽና በልክ።

እንዴት ነው በልክ? «ተስተካክሏል» ብለሽ አትለፊ። ለያንዳንዱ ያልተገናኘ ሒሳብ ቀኑን፣ ገንዘቡን፣ ሲስተሙ ምን እንዳለ፣ አንቺ መጀመሪያ ምን እንደጠረጠርሽ፣ እውነተኛው ምክንያት ምን ሆኖ እንደተገኘ፣ ማስረጃው የቱ ቲኬት እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደወሰደና ማን እንዳጸደቀው ጻፊ። የሲስተሙን መልስ ከማየትሽ በፊት የራስሽን አስቀድመሽ ጻፊ፤ አንዴ «ተገናኝቷል» የሚለውን ካየሽ ዓይንሽ ወደዚያው ይሳባል። የምክንያት ዓይነቶቹ ከ12 እስከ 15 ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ሲበዙ አንቺና ባልደረባሽ አንዱን ነገር በሁለት ስም መጥራት ትጀምራላችሁ፣ ሲስተሙም የሚማረው መምታታቱን ይሆናል። በሳምንት አንዴ ሁለታችሁ ያንኑ 50 ሒሳብ ለየብቻ መድቡና አስተያዩት። ከ45 በታች ከተስማማችሁ ጥፋቱ የዓይነቶቹ ትርጉም ነው፤ እሱን አስተካክሉ።

የቁጥር መገለባበጥ የመሰለውን ሳትሰስቺ ስጪው። 5,460 ተብሎ መመዝገብ የነበረበት 5,640 ቢሆን ልዩነቱ 180 ነው፤ 1,200 የነበረው 120 ቢሆን ልዩነቱ 1,080 ነው፤ ሁለቱም ለ9 ይካፈላሉ። ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል የተገላበጠ ወይም የተቆረጠ ቁጥር መጠርጠር ነው። ልዩነቱ በትክክል የአንድ ሌላ መስመር እጥፍ ከሆነ ደግሞ ዴቢት ሊሆን የሚገባው ክሬዲት ሆኖ ገብቶ ይሆናል። ይህን ማሽን በአንድ ቀን ይይዘዋል፣ ይያዘውም፤ ያንቺን ጊዜ ለሌላው ይተውልሻል።

ከዚህ ጎን አንድ ፈተና አዘጋጂ። ከተዘጉት የድሮ ሒሳቦች 300 መርጠሽ፣ 30ዎቹ ምክንያታቸው ተረጋግጦ የሚታወቁ ስህተቶች ይሁኑ፤ የተገለባበጠ ቁጥር፣ የተደገመ፣ ስሙ የተለያየ፣ ቀኑ የተምታታ፣ የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ የገባ። ሲስተሙን አስፈትኚው፤ ስንቱን ያዘ፣ ስንቱን ሳተ፣ ስንት ጤነኛ ጠረጠረ። ሻጩ ባሻሻለው ቁጥር ያንኑ ፈተና ድገሚው። አንዱን ሲያሻሽሉ ሌላው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ፈተና የሌለው መሥሪያ ቤት ይህን የሚያውቀው ደንበኛ ሲጮህ ነው። እነዚህ 300 ሒሳቦች ለሲስተሙ ማስተማሪያ እንዳይሰጡ ግን አደራ፤ መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪን መፈተን ዋጋ የለውም። አንድ ሌላ አደራም አለን። ነገሩ እንዲቀልልሽ ብለሽ የደንበኛ ስምና ሒሳብ ቁጥር ስልክሽ ላይ ባለው ቻትጂፒቲ ላይ አታስገቢ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የባንክ ምስጢርም አለ። በዚህ የተነሳ ብትባረሪ ማንም አይከራከርልሽም።

አለቃሽን ለብቻው ጊዜ ጠይቀሽ አነጋግሪው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ሥራውን በደስታ እቀበላለሁ። የሥራ ዝርዝሬ ላይ በጽሑፍ ይግባልኝ። ያልተገናኙ ሒሳቦችን ምክንያት የማጽደቅ ኃላፊነት ይሰጠኝ። ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሲጀምር የእኔ ቦታ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአሁኑ እንነጋገር።» የመጨረሻውን ስትጠይቂ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። ግልጽ መልስ ካገኘሽ እሰየው። «እሱን ኋላ እናየዋለን» ከተባልሽ ደግሞ ያም መልስ ነው፤ በባንኩ ውስጥ የውስጥ ኦዲት፣ የሪስክ ወይም የማጭበርበር ክትትል ክፍል ክፍት ቦታ ማየት ትጀምሪያለሽ። የያዝሽው የምክንያት መዝገብ እዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ትምህርት ካነሳን፣ ፕሮግራመር ለመሆን አትሩጪ። መጀመሪያ ዳታ የሚያጸዳውንና የሚያገናኘውን የኤክሴሉን ፓወር ኩዌሪ፣ ቀጥሎ ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ ኤስኪውኤል፤ በሳምንት አራት አምስት ሰዓት ብታገኚ በስድስት ወር ውስጥ ዳታውን ከአይቲ ሳትለምኚ ራስሽ ታወጪያለሽ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ ከልጅ ጋር ማታ ማታ የሚሆን ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቦታው ቢታጠፍስ? መብትሽን አስቀድመሽ እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን የሥራ ውል ማቋረጫ ምክንያት አድርጎ ያውቀዋል፤ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ አይሆንም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው፤ ለሠራተኛ ቅነሳም እንዲሁ ሁለት ወር ነው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። በ8 ዓመትሽ 30 ሲደመር 70፣ የ100 ቀን ደመወዝ ይሆናል። አንቀጽ 29 የሚለውን የሠራተኛ ቅነሳ መስፈርት ካሟላ፣ ማለትም የተቀናሹ ቁጥር ቢያንስ ከሠራተኛው አሥር በመቶ ከሆነ፣ የ60 ቀን ይጨመርበታል። በቅነሳ ጊዜ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቆያል፤ በችሎታ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያለው ነው ቀድሞ የሚወጣው። ያ የምክንያት መዝገብ እዚህም ላይ ይናገርልሻል። አሁን በራስሽ ፈቃድ መልቀቂያ ካስገባሽ ግን ከዚህ ውስጥ ለቅነሳ የሚከፈለውን አታገኚውም። ባለቤትሽ «ሳያስወጡሽ ውጪ» ሲል ይህን ያሰበበት አይመስለንም።

ከዚህ የሚከብደው ብድሩ ነው። በብዙ ባንኮች የሠራተኛ ብድር ውል ላይ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ ወደ ደንበኛ ወለድ እንደሚዞር የሚል አንቀጽ አለ። የሚቀርሽ 1,500,000 ብር ነው፣ ወለዱም ከ7 በመቶ ወደ 17 በመቶ ይዞራል እንበል፤ በመጀመሪያው ዓመት የወለዱ ልዩነት ብቻ ወደ 150,000 ብር፣ በወር 12,500 ብር ገደማ ነው። ሱቁ የቤቱን ኪራይ፣ የሸቀጡን ዋጋና ግብሩን ከከፈለ በኋላ፣ ደመወዝሽን ተክቶ ይህንንም መሸፈን አለበት። ባለቤትሽ ክፉ ሐሳብ አላመጣም፤ ስትጨነቂ አይቶ ሊያወጣሽ ፈልጎ ነው። ሱቁ ጥሩ ሐሳብ ከሆነ አንቺ ደመወዝሽን ሳትለቂ፣ እሱ በቅዳሜና እሑድ በትንሽ ሸቀጥ ሊሞክረው ይችላል። በዚህ ሳምንት የብድር ውልሽን ከፋይልሽ አውጥተሽ ሥራ መልቀቅን የሚመለከተውን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡት፤ ከዚያም ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ፦ በራሴ ብለቅና በቅነሳ ብወጣ ወለዱ በሁለቱም ይቀየራል ወይ? ብዙ ውሎች ይህን ለይተው አይናገሩም፤ መልሱ በጽሑፍ እጅሽ እስኪገባ ድረስ መልቀቂያ አታስገቢ።